የእኔ ልብና የመንታዬ ልብ

ይህ ለመጻፍ የሚበቃ ገጠመኝ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። የሞተም የተዘረፈም ሰው የለበትም። የሆነው ግን ዘንድሮ፣ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት ነው፤ ስለ ልብ በተማርን ቁጥር ትዝ ይለኛል።

እኔና ዳዊት መንታ ነን። አሰላ፣ ቤታችን ጓሮ፣ የቀለም ቆርቆሮ ስሚንቶ ሞልተን በብረት ቱቦ ያያዝነውን ክብደት አብረን እናነሳ ነበር። እኔ የሕክምና ተማሪ ነኝ፤ እሱ እህል መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነው። ጥቅምት ላይ ለክብደት ማንሳት ውድድር ሊመዘገብ ሲመረመር የልቡ ግድግዳ ወፍሮ ተገኘ።

ሐኪሙ "ከስፖርት የመጣ ሊሆን ይችላል። በዘር የሚተላለፍ የልብ ሕመምም ሊሆን ይችላል" አለን። ሕመም ከሆነ፣ ውድድሩ ቀርቶ ከባድ ነገር ማንሳት ራሱ ለሕይወቱ ያሰጋዋል። እህቱ ስለሆንኩ እኔም ታየሁ። የእኔ ልብ ደህና ነው።

እናታችን የባሰ የደነገጠችው ይህን ስትሰማ ነው። "አንድ ማህፀን፣ አንድ ማዕድ፣ አንድ ብረት! እሷን ያልነካ ስፖርት አንተን እንዴት ነካህ? በሽታ ነው እንጂ!"

ይህንኑ ለሐኪሙ ነገርኩት። "አንቺ ለእሱ መለኪያ አትሆኚም" አለኝ። "ሴትና ወንድ እኩል ክብደት ቢያነሱ እንኳ ልባቸው እኩል ላይወፍር ይችላል። ብዙውን ጊዜ የወንዱ ይበልጣል። ለምን እንደሆነ ገና ተጠንቶ አላለቀም። ለሦስት ወር ስፖርት ያቁምና እንየው፤ ከስፖርት ከሆነ ይቀንሳል።"

ዳዊት አቆመ። እናቴ ቆርቆሮዎቹን ወስዳ የአጥሩን በር አስደገፈችባቸው። የመጋዘን ጓደኞቹ "ድሮም ልቡ ያበጠ ነው፤ ሐኪም ቤት ድረስ ምን አደከመው!" እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱም ይስቅ ነበር። ቤት ሲገባ ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የልቡን ምት ይቆጥራል።

ከጥምቀት በኋላ ተመለስን። የልቡ ግድግዳ ውፍረት እንዳለ ነው።

"በትክክል አቁመሃል?" አለ ሐኪሙ።

"እናቴን! ቆርቆሮ አልነካሁም ዶክተር።"

እውነቱን ነው። ሐኪሙ ወደ አዲስ አበባ ሊልከው መጻፍ ሲጀምር የዳዊት ጃኬት ትከሻ ላይ የገብስ ገለባ አየሁ። ከሥራ ቀጥታ ነበር የመጣው። ሐኪም ማቋረጥ ድፍረት መስሎኝ ትንሽ አመነታሁ።

"ይቅርታ ዶክተር፣ ኩንታል መሸከምስ ይቆጠራል?"

"የምን ኩንታል?"

"የገብስ ነዋ" አለ ዳዊት። "እሱማ ሥራ ነው ዶክተር፤ ስፖርት አይደለም።"

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "በቀን ምን ያህል ትሸከማለህ?"

"መኪናው እስኪሞላ።" አዝመራ የገባበት ወቅት ነበር።

"ወንድሜ፣ ልብህ ሥራና ስፖርት አይለይም" አለው።

ሦስቱ ወር እንደ አዲስ ተጀመረ። ዳዊት መጋዘኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ በመርፌ የጆንያ አፍ መስፋት ጀመረ። ይህ የሴቶች ሥራ ስለሆነ ጫኞቹ "እትዬ ዳዊት፣ ክር አቀብይን!" ይሉት ነበር። ቻለው። ግድግዳውም ቀነሰ።

አሁን ሳስበው ማንንም አልወቅስም። እኛ ቤት ስፖርት ማለት ቆርቆሮው ነበር። እናቴም የእሱን ልብ በእኔ ልብ ለክታለች። እኔ ግን ሐኪም ከሆንኩ ታካሚዬን ስፖርት ይሠራ እንደሆነ ከመጠየቄ በፊት፣ ውሎው ምን እንደሆነ እጠይቀዋለሁ።

ሐኪሙ "በሽታ አይደለም፤ ቀስ ብለህ ጀምር" ብሎ ያሰናበተን በግንቦት ልደታ ማግስት ነው።