ከማዶ የወደቀው አያቴ

ከደብረ ማርቆስ ስንነሳ አዘጋጆቹ ለሁላችንም አንድ ዓይነት ካናቴራ አደሉን። እናቴ ከቀሚሷ በላይ አጠለቀችውና ነጠላዋን ደረበችበት። ሰማንያን ካለፈች ቆይታለች። አርበኞች ከጣሊያን ጦር ጋር ወደተዋጉበት ኮረብታ የእግር ጉዞ እንዳለ ስትሰማ «እሄዳለሁ» አለች። ስለ ጉልበቷ ብጨቀጭቃትም ሰሚ አላገኘሁም።

አባቷ የሞተው እዚያ ነው። ይህን ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። የማያውቁት፣ ከጣሊያን ጋር ተሰልፎ መሞቱን ነው። ባንዳ ነበር። በወጉ አልተቀበረም፣ ፍትሐትም አልተደረገለትም። እናቴ ያኔ የጡት ልጅ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ያስጨነቃት የነፍሱ ነገር ነው።

በዚያ ቀን ኮረብታው ላይ ለወደቁት አርበኞች ጸሎተ ፍትሐት ይደረጋል፤ ቤተሰብም የሟቹን የክርስትና ስም ለካህኑ ይሰጣል። የክርስትና ስም ደግሞ ከቤተሰብና ከንስሐ አባት በቀር ማንም አያውቀውም። «ከሌሎቹ ጋር ቢጠራ ማን ያውቅብናል?» አለችኝ። ነገሩ ደስ አላለኝም፣ ፈራሁም። ግን እናት ናትና ተከተልኳት።

ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው መንገድ ላይ ከመኪና ወርደን፣ በሚታጨድ የጤፍ ማሳ ዳር ዳገቱን ያዝን። አስጎብኚው በየደረስንበት «እዚህ ጋ ጠላት ተደመሰሰ» ይላል፤ ሰው ያጨበጭባል። እናቴም ታጨበጭባለች። ብሽቅ ብዬ ሳያት፣

«ታዲያ እጄን አጣጥፌ ልቁምና ይወቁብኝ?» አለች።

ላይ ስንደርስ ስሞቹ ጸሎቱን ለሚመሩት መምሬ ተነገሩ። ጸሎቱ ደረሰ፣ የአያቴም ስም ተጠራ። ሕዝቡ ባንድ አፍ «ነፍስ ይማር» አለ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ተነፈሰች። እኔም አለቀ ብዬ እፎይ አልኩ።

አላለቀም። አስተባባሪው ድምፅ ማጉያውን ይዞ፣ የአባቶቻቸው ስም የተጠራ ልጆች ወደ ፊት ይውጡ አለ፤ ጋቢ ሊያለብሷቸው ነው። እናቴንም ሰዎች ደግፈው አወጧት። ጋቢው ትከሻዋ ላይ ሊያርፍ ሲል በእጇ መለሰችው።

«ይቅር ልጄ፣ ለእኔ አይገባም። አባቴ ሲተኩስ የነበረው ከወዲያ፣ ከጣሊያን ጋር ሆኖ ነው።»

ሰው ሁሉ አፈጠጠባት። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ ግን ማንንም አላየችም፤ ወደ መምሬ ዞረች።

«መምሬ፣ አታልዬዎታለሁ፣ ይፍቱኝ። አሁን ጸሎቱ ይሰረዝበታል?»

መምሬ ተጠጉና መስቀል አሳለሟት።

«የተጸለየ አይሰረዝም፣ እናቴ» አሏት።

እናቴ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ «አባዬ፣ አባዬ» እያለች አለቀሰች። በሰው ፊት አባቷን ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። ጋቢ ከተሸለሙት መካከል አንዲት ባልቴት አጠገቧ ተቀመጡና «እኔም አባቴን አላውቀውም» እያሉ አብረዋት አለቀሱ።