በሬዲዮ የተነገረ መርዶ

ቡሬ ከተማ መግቢያ ላይ ብየዳ ቤት በከፈትኩ በሁለተኛው ዓመት በእጅ የሚዞር የበቆሎ መፈልፈያ ሠራሁ። አንዱ እጀታውን ሲያዞር ሌላው በቆሎውን ከላይ ይጨምራል፤ ፍሬው በአንድ በኩል፣ ቆረቆንዳው በሌላ በኩል ይወጣል። በቆሎ የማይዘራ ገበሬ በሌለበት አገር ማሽኔን የሚገዛ ሰው ግን ጠፋ። በገበያ ቀን ደጄ ላይ አቆመዋለሁ፤ ይከቡታል፣ እጀታውን አንድ ሁለቴ ያዞሩታል፣ «እጅህን ይባርከው» ብለውኝ ይሄዳሉ። ዱላና ጣት እያለ ብረት መግዛት ቅብጠት ይመስላቸው ነበር። የሠራኋቸው መፈልፈያዎች ግድግዳ እንደተደገፉ ዝገት ጀመራቸው።

ሬዲዮ ላይ እንድቀርብ ያሰበው አንድ የግብርና ባለሙያ ደንበኛዬ ነው። ባሕር ዳር ያለ አንድ ጣቢያ እሑድ እሑድ በራሳቸው ጥረት ሥራ የፈጠሩ ሰዎችን እየጋበዘ ያነጋግር ነበር። «አንድ ጊዜ ድምፅህ ይሰማ እንጂ ከደጋው፣ ከፈረስ ቤት ከተማ ድረስ መጥተው በበቅሎ ጭነው ይወስዱልሃል» አለኝ። እሱው ደውሎ ቀጠሮ ያዘልኝ።

እዚህ ላይ ስለ ታናሽ ወንድሜ መናገር አለብኝ። በድንበሩ ጦርነት ጊዜ ዘመተ። የጻፈልን አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው። እናቴ ማንበብ ስለማትችል ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ደኅና መሆኑን ይገልጻል፣ ካልሲ እንድንልክለት ይለምናል፣ ቀይዋ ላም ወልዳ እንደሆነ ይጠይቃል። ሌላ ነገር የለውም። ጦርነቱ ባበቃ በዓመቱ አብሮት የነበረ ወታደር በክራንች እየተደገፈ ብየዳ ቤቴ መጣ። ወንድሜ ሲወድቅ አይቷል፤ ዓይኑን የከደነለትም እሱ ነው። «ለእናታችሁ እንዴት እንደምትነግሯት እናንተ ታውቃላችሁ» አለኝና ሄደ። ከመንግሥት የመጣ ወረቀት አልነበረም።

በእኛ አገር መርዶ ወግ አለው። ሽማግሌዎች ይመክራሉ፣ ሰው ሥራ ሳይወጣ ማለዳ ከደጅ ይደርሳሉ፣ የሞተባት ሴት ዘመድ አዝማድ ዙሪያዋን ይዟት ትረዳለች። እኔ ግን አጨዳው ይለፍ አልኩ። ከዚያ የእኅቴ ሠርግ ይለፍ አልኩ። ከዚያ እናቴ ታመመች፤ ትዳንና አልኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሦስት ዓመት ብቻዬን ይዤው ኖርኩ።

በቀጠሮዬ ቀን አዲስ ሸሚዝ ለብሼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ዳንግላን አልፈን መራዊ እስክንደርስ የምናገረውን በልቤ ስደግም ነበር። ጋዜጠኛዋ ትሑት ሴት ናት። «ይህን ማሽን ለመሥራት ምን አነሳሳዎት?» አለችኝ። እውነቱ ከአንድ የበር ሥራ ላሜራ ተርፎኝ ነው። ስለ ላሜራው ውፍረት፣ ስለ ጥርሶቹ አቀማመጥ ማስረዳት ጀመርኩ። ዓይኗ ወደ ግድግዳው ሰዓት ሲሄድ አየሁት። የመጣሁበት ነገር ከእጄ ሊያመልጥ እንደሆነ ተሰማኝ።

«ወንድሜ በጦርነቱ ሞተ» አልኩ።

ዓይኗ ተመለሰ። ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«በመጨረሻ ደብዳቤው፣ ‹ብመለስም ባልመለስም እናታችን በቆሎ በጣቷ ስትፈለፍል አትኑር፤ ማሽኑን ሥራላት› ብሎ ጻፈልኝ። ቃሉን ለመፈጸም ነው የሠራሁት።»

ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ማስመሰል አልነበረም፤ ሞቱን ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ጋዜጠኛዋ ዓይኗን ጠረገች። «ይቺን ክፍል መግቢያው ላይ ነው የማደርጋት፤ ሰው ትነካለች» አለችኝ። የሚተላለፈው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር።

ሁለት ሳምንት ረጅም ጊዜ ነው። አንድ ቀን ቴሌ ሄጄ ተሰለፍኩ፤ ያቺን ክፍል አውጡልኝ ልል ነበር። ተራዬ ደረሰ፣ ደወልኩ፣ ጋዜጠኛዋ አነሳች። «ምነው፣ በሰላም?» አለችኝ። «የብየዳ ቤቱ አድራሻ በትክክል መጠቀሱን ልጠይቅ ብዬ ነው» አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ወጣሁ።

በዚያ እሑድ ሥራ ቤቴ ውስጥ ሬዲዮ ከፍቼ አዳመጥኩ። ሳያልቅ ሰዎች እየመጡ ያቅፉኝ ጀመር። ከሰዓት በኋላ የእኅቴ ባል ከገጠር ደረሰ። አልተቀመጠም። «እምዬ ትፈልግሃለች» አለኝ። እናቴ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ነበር የምትኖረው። መንገድ ላይ ሁሉንም ነገረኝ። ከቅዳሴ መልስ ሬዲዮ ያላቸው ጎረቤት፣ «ልጅሽ እየተናገረ ነው፣ ነይ ስሚ!» ብለው ጠሯት። ድምፄን ስትሰማ እልል አለች። እልልታዋ ሳያልቅ ነው «ሞተ» ያልኩት።

ስንደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል፤ የሚያለቅስ ግን የለም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው እናቴን ያዩዋታል። እሷ ከቤተ ክርስቲያን እንደመጣች መስቀለኛ እንዳጣፋችው ነው።

«ና ተቀመጥ» አለችኝ። «ያ ደብዳቤ ስለ ማሽን የሚል ነበረው?»

«እምዬ...»

«ለእኔ ስታነብልኝ ካልሲ ነበር። ላሟ ነበረች። ማሽን የሚል አልሰማሁም። ያኔ ደብቀኸኝ ነው ወይስ አሁን ጨምረህ?»

«አሁን ነው የጨመርኩት» አልኩ።

«እሰይ» አለች። ፊቷ በራ። የዚያን ብርሃን ያህል የሚያስፈራኝ ነገር እስከ ዛሬ አላየሁም። «እንግዲያውስ ሞቱንም ጨምረኸዋል።»

ወደ ሴቶቹ ዞረች። «በሉ ነጠላችሁን መልሱ። ልጄ አልሞተም። ይኸኛው ነው ብረት ሊሸጥ የገደለው።»

አጎቴ ጣልቃ ገቡ። «እኅት ዓለም፣ ሰው በወንድሙ ሞት አይቀልድም።»

«ይኸው ቀለደ» አለቻቸው።

ወታደሩን ፈልጌ ለማግኘት ሳምንት ፈጀብኝ። አመጣሁት። እጁን አስታጠበችው፣ አበላችው፣ የሚናገረውን እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ ሰማችው። ከዚያ፣ «አንተን ለእናትህ ያቆይህ። ጓደኛ ለጓደኛው ይመሰክራል፤ ያመጣህ ይኸኛው ልጄ ነው» አለችው። ስንወጣ ክራንቹን አጥር ላይ አስደግፎ አለቀሰ። «በዓይኔ ያየሁትን ተናግሬ እንደ ውሸታም የወጣሁት ዛሬ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ አላገኘሁትም።

ማሽኑ ግን ተሸጠ። የግብርና ባለሙያው እንዳለው ከደጋ ሳይቀር መጡ። ሁለት ሠራተኛ ቀጠርኩ፣ ቤቱን አሰፋሁ። የሚገዛ ሁሉ ዕቃውን ሳይነካ በፊት፣ «ነፍስ ይማር፣ ያ ደብዳቤ አስለቅሶኛል» ይለኛል። ጣቢያው በአድማጭ ጥያቄ ደግሞ አስተላለፈው። አንዴ ከመራዊ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ የራሴን ድምፅ ሰማሁ፤ ሾፌሩ ድምፁን ከፍ አደረገው፣ ተሳፋሪው ከንፈሩን መጠጠ፣ እኔ መስኮቱን አይ ነበር። ዛሬም ጨዋታ መሀል ንግግሬ ሲሰምርልኝ፣ ሰው ጠጋ ብሎ ሲያዳምጠኝ፣ ሰውነቴን ብርድ ይይዘዋል።

እናቴ አላለቀሰችም። ለቅሶ አልተቀመጠችም፣ ተዝካር አላወጣችም። በገበያ ቀን ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ትቆምና ከሰሜን የሚመጣውን አውቶቡስ እስከ መጨረሻው ተሳፋሪ ታይ ነበር። የወታደር ልብስ የለበሰ ሲወርድ ጠጋ ብላ ፊቱን ታያለች፤ «ይቅርታ፣ መስለውኝ ነው» ትላለች። እኅቴ ልትመልሳት ብዙ ሞከረች። እኔ አልሞከርኩም፤ ምን ብዬ?

ከእኔ ጋር ግን አልተኳረፈችም። ስሄድ ታበላኛለች፣ ስለ ሥራዬ ትጠይቀኛለች። የምነግራትን ሁሉ ፈገግ ብላ ትሰማኛለች፤ ታምነኝ እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። የዝናቡን መጠን እንኳ ስነግራት ዞራ እኅቴን ታያታለች።

ልትሞት ስትል እጄን ያዘችና፣ «የወንድምህን ስም ከሙታን ጋር እንዳታስጠራ። ማል» አለችኝ። ማልኩ።

በአርባዋ ካህኑ የሚታሰቡትን ሙታን ስም ጠየቁኝ። የእሷን የክርስትና ስም ሰጠሁ፣ የአባቴን ሰጠሁ። ነገሩን ስለሚያውቁ ብዕራቸውን ይዘው ቆዩ።

«ሌላስ?»

እኅቴ ከሴቶቹ መሀል ቀና ብላ አየችኝ።

«ሌላ የለም፣ አባ» አልኩ። ወረቀቱን አጠፉትና ወደ ውስጥ ገቡ።