ማን «ማርያም» ይልልኛል?

ለእርግዝና ክትትል በሄድኩ ቁጥር አዋላጅ ነርሷ አንድ ጥያቄ አትረሳም ነበር፦ ስትወልጂ አብሮሽ የሚሆነው ማን ነው? እኔም ኮራ ብዬ «እናቴ» እላለሁ። እናቴ ደብረ ማርቆስ፣ እኔ አርባ ምንጭ። መሃል ላይ ስንት አገር እንዳለ ነርሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ግን እናት ከተባለ ነገሩ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም።

ልወልድ ስቃረብ መንገዱ ተዘጋ። እናቴ የአጥሚት እህሏን አስፈጭታ፣ ቂቤዋን አንጥራ፣ ሻንጣዋን ይዛ መናኸሪያ ሄደችና ተመለሰች። ይከፈታል ተባለ፤ ደግሞ ሄደች፣ ደግሞ ተመለሰች። ባለቤቴ ደግሞ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ የጅቡቲ መስመር። ስልኩ በረሃ ውስጥ ሲገባ ይጠፋል፣ ሲወጣ ይገኛል። እሱማ ቢኖርስ ምን ይሠራልኛል እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር፤ ውሸቴን ነው።

ብቻዬን መውለድ ፈርቼ ነበር፣ ይኸው ነው። ያ ሁሉ ህመም ሲመጣ ቀና ብዬ የማውቀው ፊት እንዳላጣ ፈራሁ። ዩኒቨርሲቲ ልማር መጥቼ፣ ሥራ ይዤ፣ አግብቼ የቀረሁበት ከተማ ነው፤ ሰላም የምለው ሰው ሞልቷል፣ እንዲህ ያለ ነገር የምጠይቀው ግን ስቆጥር አጣሁ። ይሉኝታም አለብኝ። ልጅ ጠብቂልኝ ይባላል፣ ዕቃ አውሺኝ ይባላል፤ ስወልድ እጄን ያዢኝ ግን ምን ተብሎ ይጠየቃል?

መጀመሪያ የሞከርኩት የሥራ ባልደረባዬን ነው። አላገባችም፣ አልወለደችም፣ ግን ስለ ምጥ የማታውቀው ነገር የለም። በስልኳ ቪዲዮ ስታይ ትውልና እንዴት መተንፈስ እንዳለብኝ ታስጠናኛለች። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች የሚባለው ይሄኔ ነው። ስጠይቃት ደስ ብሏት እሺ አለች። ብዙም ሳይቆይ ቢሮ ውስጥ አንዱ ወረቀት ሲቆርጥ ጣቱን ቆረጠና፣ እሷ ደሙን አይታ ወንበሯ ላይ ዝልፍልፍ አለች። ሆዴ አፍንጫዬ ደርሶ ያራገብኳት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ነገሩን እሷም አላነሳችው፣ እኔም አላነሳሁት።

የቀረችው ጎረቤቴ ናት። ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ባለ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነው የምንኖረው፤ የእሷንና የእኔን ክፍል የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ከደጋው፣ የገረሴ ሰው ናት፤ ባሏ ሞቶባት፣ ልጆቿን ድራ ጨርሳ፣ ከጫኖ የሚመጣ ሙዝና ማንጎ ትሸጣለች። መጀመሪያ ሰሞን አንቱ ስላት «እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ አንቺ በይኝ» ስላለችኝ አንቺ እላታለሁ፤ ብቻ «እትዬ» እጨምርበታለሁ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እሷ ጴንጤ ናት፤ ያውም ጎህ ሲቀድ ተነስታ ጮክ ብላ የምትጸልይ። ግማሹን በጋሞኛ ግማሹን በአማርኛ፣ ግድግዳው እስኪንቀጠቀጥ። ስንት ጠዋት ትራስ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ፣ ጌታዋ ሩቅ ነው እንዴ ይሄን ያህል የምትጠራው ብያለሁ።

አንድ ጠዋት ትራሱን ልደፋ ስል ወደ አማርኛው ተሻገረች። «ጌታ ሆይ፣ ይቺ ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ልጅ ሰው የላትም። ሰው ስጣት» ስትል ሰማኋት።

ተነስቼ ቁጭ አልኩ። ለካ ማታ ማታ ከእናቴ ጋር እየተላቀስኩ የማወራውን ስትሰማ ከርማለች። ግድግዳው ለእኔ ብቻ የሳሳ መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ አፈርኩ፣ በኋላ ግን አንዴ ከተጸለየልኝ ወዲያ መኩራት ምን ይፈይድልኛል ብዬ ነጠላዬን ደረብኩና በሯን አንኳኳሁ። ስትከፍትልኝ ጉንጯ ገና በእንባ እርጥብ ነበር። ያ ሰው አንቺ ብትሆኚስ፣ እትዬ፣ አልኳት።

ሳቀች። እሷ ገበያ ስላለባት ሌላ ሰው እንዲልክልኝ እኮ ነበር የለመነችው። ትንሽ አሰበችና፣ ጌታ እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው አይደለም ብላ እሺ አለችኝ።

አንድ ነገር ቀረ። እኛ ጋ ሴት ስታምጥ ከጎኗ ያሉት «ማርያም፣ ማርያም» ይሉላታል። ለእናቴ ተብሎላታል፤ እኔም ልጅ ሆኜ ጎረቤት ስትወልድ ደጅ ቆሜ ከትልልቆቹ ጋር ብያለሁ። ያለዚያም እንደሚወለድ አላጣሁትም፤ ግን መስማት አማረኝ። ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኋት።

«እሱን አልልም፣ የኔ ልጅ» አለችኝ፣ ሳትቆጣ። «እምነቴ አይደለም። ሌላውን ሁሉ አደርጋለሁ። ወገብሽን አሻለሁ፣ እጅሽን እይዛለሁ፣ ካስፈለገም ከነርሶቹ ጋር እጣላልሻለሁ።»

እውነቱን ፊት ለፊት መናገሯን ወደድኩት፤ ከፋኝም። እናቴ ስትሰማ፣ ታዲያ ማን ሊልልሽ ነው ብላ ደነገጠች፤ አድራም መላውን ይዛ ደወለች። ሰዓቱ ሲደርስ ስልኩ ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ ከጆሮዬ አጠገብ ይቀመጣል፤ እሷ ከዚያ ሆና ትልልኛለች። እትዬም እናትሽ ትበል፣ ስልኩን እኔ እይዛለሁ አለች። ስልክ መያዝ ከማንም እምነት ጋር አይጣላም።

ምጤ የመጣው በገበያ ቀን ጠዋት ነው። ስደውልላት ሙዟን ለአጠገቧ ነጋዴ ጥላ፣ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ባጃጅ ይዛ ደረሰች። ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ሹፌሩን በጋሞኛ አንድ ነገር አለችው። ምን እንዳለችው አላውቅም፣ ብቻ ከዚያ በኋላ እንቁላል የጫነ ይመስል ነበር አነዳዱ። ጤና ጣቢያ ስንገባ ያቺ ነርስ አየችንና እናትሽ መጡልሽ አለችኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት እትዬ «አዎ» አለች።

ኮሪደሩን ወዲያ ወዲህ አመላለሰችኝ። የሙዝ ዘለላ ሲያነሳ የኖረ እጅ ነው፤ ወገቤን ስታሸው ህመሙ ራሱ የሚፈራት መሰለኝ። ፋታ ሲሰጠኝ ጣፋጭ ሻይ ታጠጣኛለች፣ ሲመለስብኝ እጄን ትይዛለች። ልጆቿን ሁሉ በዚያ በገረሴ ብርድ ቤቷ ውስጥ እንደወለደች፣ የመጀመሪያው ላይ ባሏን በጥፊ እንዳለችው ስትነግረኝ በምጥ መሃል ሳቅሁ። ቀና ባልኩ ቁጥር ፊቷ አለ። ህመሙ እንዳለ ነው፤ ፍርሃቱ ግን እዚያ ኮሪደር ላይ ለቀቀኝ።

እኩለ ቀን ገደማ አልጋው ላይ ወጣሁ። እትዬ ስትደውል እናቴ ወዲያው አነሳች። ጎረቤቶቿን ሰብስባ ኖሯል፤ የብዙ ሴቶች ድምፅ «ማርያም፣ ማርያም» እያለ መጣ። ግፊ ስባል ከእነሱ ጋር እገፋለሁ። ነርሷ ደርሷል፣ ትንሽ ነው የቀረው ስትል፣ ልክ እዚያ ላይ፣ ድምፁ ጠፋ። ኔትወርክ። እትዬ ስልኩን ወደ መስኮቱ ዘረጋች፣ ደግማ ደወለች፣ የለም። እኔ አታቋርጡ፣ አታቋርጡ እያልኩ ስጮህ ነበር አሉ።

እኔ የማስታውሰው ከዚያ ቀጥሎ የመጣውን ነው። ያ የጎህ ድምፅ፣ ትራስ የምደፋበት ድምፅ፣ ከራሴ በላይ ሆኖ «ማርያም! ማርያም! ማርያም!» አለ። ክፍሉን ሞላው። ልጄ በዚያ ድምፅ ላይ ወጣች።

ደረቴ ላይ ሲያስቀምጧት ሰውነቴ ሁሉ ተፈታ። እንደዚያ ቅልል ብሎኝ አያውቅም፤ እስቃለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ ሁለቱን መለየት አቃተኝ። እትዬ በሻሿ ጫፍ ግንባሬን ጠረገችልኝና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

«እኔ ምንም አላልኩም» አለች። «ስልኩ ነው።»

«ስልኩ ነው» አልኳት።

ኔትወርኩ ሲመለስ እናቴ ደወለች። የልጄን ለቅሶ ሰምታ እልል አለች፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ አለች፣ ጎረቤቶቿም ተቀባበሉት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እኔ ጋ እኮ ጠፋ። ያን ጊዜ ማን አለልሽ?»

እትዬን አየኋት። ልጄን ታቅፋ ወደ መስኮቱ ዞራለች። የሰማች አትመስልም፤ ግን ስታወዛውዛት የነበረውን አቁማለች።

«እዚህ አልጠፋም፣ እማዬ» አልኳት። «እስከ መጨረሻው ይሰማኝ ነበር።»

እትዬ ልጄን እንደገና ማወዛወዝ ጀመረች።

አሁን ልጄ መዳህ ጀምራለች። እናቴ እስከ ዛሬ ስልክ በተቋረጠባት ቁጥር የራሷን አገር ኔትወርክ ትረግምና የአርባ ምንጭን ትመርቃለች።