ቬርና ያዘገየችው ጠመንጃ

በብራሺ ሸለቆ ሰዎች ስለ ቬርና ስቲልትነር ሲያወሩ፣ ሰውን ከመልኩ ይልቅ በጠመንጃው ታውቀዋለች ይላሉ። እውነትም የማን ሰደፍ እንደተሰነጠቀ፣ የማን ቃታ እንደላላ ሳታይ ትናገር ነበር። ሙያውን ያስተማራት ባሏ ሆባርት ነው። የከሰል አቧራ ሳንባውን በልቶት ከማዕድን ጉድጓዱ ሲሰናበት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ የብረት መቆንጠጫ ሞርሳ ተክሎ የጎረቤት ጠመንጃ ይጠግን ጀመር። በኋላ እጁ ሲንቀጠቀጥ ካቻቢቴውን የምትይዝለት እሷ ሆነች፤ እሱ ካረፈም ወዲያ አላስቀመጠችውም። ከእጇ ወጥቶ ተበላሸ ተብሎ የተመለሰ ሥራ የለም። ኩራቷ ይህ ነበር፤ ሌላ ኩራት አልነበራትም።

ላንዲስ ሙሊንስ የመጣው ቅጠል መርገፍ በጀመረበት ሰሞን ነው። ላንዲስ ግንድ ጫኝ ሹፌር ነው፤ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ድምፁ ግን እንደ ሕመምተኛ ጠያቂ ለስለስ ያለ። ሚስቱን ሮንዳን ፒካፑ ውስጥ ትቷት፣ አፈሙዙ አጠር ያለ፣ የእርሳስ ፍንጣሪ የሚበትን አዲስ ሾትጋን በጨርቅ ጠቅልሎ ደረጃውን ወረደ።

"እንደምን ሰነበቱ እትዬ ቬርና? የመዳብ ሽቦ ሌቦች ሸለቆውን ወረሩት እኮ። ለቤት መጠበቂያ የሚሆን ማነጣጠሪያ ይምረጡልኝ። ይቺ ጫፉ ላይ ያለችው ፍሬ ኮሪደሩ ውስጥ አትታየኝም።"

ቬርና ያላትን ጠረጴዛው ላይ ደረደረችለት። አንዱ ከፋብሪካው ከምትመጣው ተለቅ ያለች ነጭ ፍሬ ነው። ሁለተኛው ከኋላ የሚገጠም ቀለበት ነው፤ ዓይን በውስጡ አሳልፎ ጫፉን ይፈልጋል። ሦስተኛው በባትሪ የሚሠራ መስታወት ነው፤ ቀይ ነጥብ ያበራል።

"ሾትጋን ማነጣጠር አይፈልግም የሚሉህን አትስማ፤ በቤት ውስጥ ርቀት እርሳሱ ከመዳፍ የበለጠ አይሰፋም" አለችው። ከዚያ ሁሉንም ሰው የምትጠይቀውን ጠየቀችው። "የት ሆነህ ነው የምትጠብቀው?"

ሌላው ሰው ሁሉ ከመኝታ ቤት፣ ከአልጋው ጀርባ፣ ልጆቼን ከኋላዬ አድርጌ ነው የሚላት። ላንዲስ ግን ትንሽ እንኳ አላሰበም።

"ወጥ ቤት ሆኜ። ከዚያ እስከ ውጭው በር ቀጥ ብሎ ይታያል። በሩ ከተከፈተ ደግሞ እስከ መኪናው።"

"ሌባው ታዲያ በየት በኩል ነው የሚገባብህ?"

"መግባቱን ይተዉት፤ የሚወጣውን ነው የምልዎ። ጀርባውን ሰጥቶ የሚሮጥ ሰው በየትኛው ነው ቶሎ የሚያዝ?"

የቬርና እጅ መስታወቱ ላይ ቀረ። ላንዲስ ቀና ብሎ አያትና ሳቀ። "ምነው? ሌባ አይሮጥም እንዴ?"

ይሄኔ ሮንዳ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ደረጃውን ወርዳ ገባች።

"መኪና ውስጥ ቆዪ አላልኩሽም?" አላት፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅ።

"ውሃ ጠማኝ።"

ቬርና ወደ ጓዳ ይዛት ገባች። ቧንቧውን ስትከፍተው ሮንዳ ጠጋ አለቻትና ውሃው በሚሸፍነው ድምፅ "እባክዎ፣ ቶሎ አይጨርሱለት" አለቻት። ውሃውን ጠጣች፣ ብርጭቆውን አለቀለቀች፣ ደፍታ አስቀምጣው ወጣች።

ቬርና ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። "ቀለበቱ ይሻልሃል" አለችው። "ግን ብረቱ መበሳት አለበት። የሚሆነው ብሎንም እጄ ላይ የለም፣ ታዝዞ ነው የሚመጣ። ጠመንጃውን ተወው።" ብሎኑ ዳሌዋ የተደገፈበት መሳቢያ ውስጥ ሙሉ ነበር።

መኪናው እንደሄደ ለጋርላንድ ደወለች። ጋርላንድ የወረዳው ፖሊስ፣ ምክትል ሸሪፍ ነው፤ ከላንዲስ ጋር አብረው አጋዘን እያደኑ ያደጉ።

"እትዬ ቬርና፣ ማነጣጠሪያ መረጠ ብዬ ሰው ልሰር? እንዲያ ከሆነ ሸለቆው ባዶውን ይቀራል እኮ!"

"እሷን ጠይቃታ።"

ጋርላንድ ሳቁን ተወው። "ባለፈው ፊቷ በልዞ ባየሁ ጊዜ ጠይቄያታለሁ። ወደቅሁ ነው የምትለኝ። ወደቅሁ ካለች እኔ ምን አባቴ ላድርግ?"

እንግዲህ የቀራት ማዘግየት ብቻ ነበር። ላንዲስ ሲደውል ብሎኑ አልመጣም አለችው። መጥቶ ሲጠይቃት የመጣው ልኩ አይደለም አለችው። አንዴ ደግሞ ቀለበቱን ሆን ብላ አጣማ ገጥማ አሳየችውና "ይቅርታ፣ ተጣሞብኛል፣ እንደገና ልሥራው" አለች። ያን ጠማማ ሥራ ሞርሳው ላይ እያየች መቀመጥ ስላልቻለች በጨርቅ ሸፈነችው። ላንዲስም ዝም አላለም። የከብት መኖ መደብሩ በር ላይ ሽማግሌዎቹ "ቬርና ዓይኗ ፈዘዘ፣ እጇም ከዳት" ማለት ጀመሩ። የሆባርት የቀድሞ ጓደኛ ሳይቀር ጠመንጃውን ሊያሠራ ወደ ሌላ ከተማ ወሰደ። ይህ እንደ እሾህ ወጋት፤ ማዘግየቷን ግን አልተወችም።

እሑድ በቤተ ክርስቲያን ከስብከቱ በኋላ፣ ባቄላውና የበቆሎ ዳቦው ተበልቶ ሴቶቹ ዕቃ ሲያጥቡ፣ ሮንዳ ሳህን ልታደርቅ ቬርና አጠገብ ቆመች።

"እህቴ ሐሙስ ከኦሃዮ ትመጣለች። እሱ ግንድ ሊጭን ሲወጣ" አለች፣ ከንፈሯን ብዙም ሳታንቀሳቅስ።

"ቤት ውስጥ ሌላ ጠመንጃ አለ?"

"የለም። የአደኖቹን በሙሉ ሸጦ ነው ያንን የገዛው።"

ቬርና የያዘችውን ሳህን ደግማ አጠበችው። ላንዲስ በመስኮቱ ማዶ፣ ግቢው ውስጥ ከሰባኪው ጋር እየሳቀ ያወራ ነበር።

ሐሙስ ጧት ዝናብ ወረደ። ቬርና መስኮቷ ላይ ቆማ የጫካው መንገድ ጭቃ ሲሆን አየች፤ በእንዲህ ያለ ቀን ግንድ አይጫንም። ብዙ ሳይቆይ የላንዲስ ፒካፕ ከቤቷ በር ቆመ።

"ዛሬ ይዤው ነው የምሄደው እትዬ ቬርና። ጠማማም ቢሆን።"

ከቤቱ ሮንዳ ሻንጣ እያወጣች ይሆናል። ቬርና ካፖርቷን ደረበች። "እሺ። ግን ሳትተኩስበት አላስረክብህም። ና፣ ከጓሮ እንሞክረው።"

ከጓሮው ዳገት ላይ ወረቀት ሰቀለች። ጥይቱን ሽርጥ ኪሷ ውስጥ ይዛ አንድ አንድ እያደረገች ትሰጠዋለች። ሲተኩስ ወደ ግራ መታ። ወደ ቀኝ የምታመጣ መስላ ብሎኑን ወደ ግራ ጠመዘዘችው። ደግሞ ተኮሰ፤ ጭራሽ ከወረቀቱ ወጣ። "እርጥበቱ ነው፣ ቆይ" አለች፤ እንደገና ጠመዘዘች። ዝናቡ ከባርኔጣው ጠርዝ እየተንጠባጠበ በሰደፉ ላይ ይወርዳል። እንዲህ እያሉ ቆዩ፤ እሷም የምትሰማው የጥይቱን ድምፅ ሳይሆን ከወንዙ ማዶ ያለውን አውራ ጎዳና ነበር።

በመጨረሻ ላንዲስ መተኮሱን ተወና ጠመንጃውን እንደያዘ ዞረ።

"አንቺ ሴትዮ" አለ። እትዬም የለ፣ እርስዎም የለ። "ቀኑን እየገደልሽብኝ ነው። ለምን?"

"ስጠኝ፣ አንዴ ላጥብቀው።"

ሰጣት። ለምን እንደሰጣት እሱም አያውቅም፤ በዚያ ሸለቆ ቬርና እጇን ስትዘረጋ ጠመንጃ መስጠት ልማድ ነው። እሷም ቀስ ብላ፣ ሳትሮጥ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። እሱ ተከትሏት ሲገባ አፈሙዙን ፈትታ፣ ቃታውን ከነመያዣው አውጥታ፣ ሁሉን ነገር ጠረጴዛው ላይ ዘርግፋዋለች።

"ዛሬ አይሄድም" አለችው። 

ላንዲስ የተበታተነውን ብረት አየ። ከዚያ ፊቷን አየ። ቆይቶ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ፣ ያን ጊዜ ገባው። ነገሩ እንደገባው ቬርና ከትከሻው አወቀች፤ ተወጥሮ የነበረው ዝቅ አለ። ይመታኛል ብላ ጠረጴዛውን ጨበጠች። እሱ ግን እጁን ሰዶ ሽርጧ ላይ የተጣበቀ ቅጠል አነሳላትና ወለሉ ላይ ጣለው።

"እግዜር ይስጥልኝ እትዬ ቬርና" አለ፣ በዚያው በለስላሳው ድምፅ። "ውለታዎን አልረሳም።"

ቤቱ ሲደርስ በሩ ገርበብ ብሎ ምድጃው ቀዝቅዞ ነበር። ሮንዳ የለችም።

በማግሥቱ ጋርላንድ መጣ። ዓይኗን አላያትም። "ንብረቱ ነው እትዬ ቬርና። መመለስ አለብዎት፤ ሕግ ነው።"

"ሕግ መሆኑን አውቃለሁ።" ጠመንጃውን ገጥማ፣ የበሳችውን ደፍና፣ ከፋብሪካ የመጣችውን ፍሬ ብቻ ትታ አስረከበችው። "ማነጣጠሪያ ግን ከእኔ አያገኝም በለው።"

ላንዲስ ከዚያ ወዲህ ደጇን አልረገጠም። ጧት ጧት ግን ፒካፑ ከቤቷ ፊት ለፊት ያለው የወንዙ ድልድይ ላይ ይቆማል፤ መስኮቱ ዝግ፣ ሞተሩ እየሠራ። ቬርና ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ መሥራት አቃታትና ሞርሳውን ነቅላ ግድግዳው ከጀርባዋ፣ በሩ ከፊቷ እንዲሆን አዛወረችው። በረዶ ሲጥል ፒካፑ መምጣት ተወ። ቤቱን ዘግቶ ሄዷል፣ ወደ ሰሜን ሥራ አግኝቷል ተባለ። እሷም ሰላም አገኛለሁ ስትል ሌላ ፍርሃት ገባባት፤ ኦሃዮም በሰሜን በኩል ነው።

ሮንዳ የደወለችው በዚያው ሳምንት ነው። ደኅና ነኝ፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሥራ ይዣለሁ አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "የት እንደሄድኩ ጠይቆዎት ያውቃል?" አለች።

"አንድም ቀን።"

"ላንዲስ መጠየቅ የሚተወው ሲያውቅ ነው" አለች ሮንዳ።

"እንግዲያው እህትሽን ይዘሽ ከዚያ ቤት ዛሬውኑ ውጪ። የት እንደምትሄጂ ለኔም አትንገሪኝ።"

ወጡ። ሁለቱ እህትማማቾች የሄዱ ሰሞን በኦሃዮ ያሉ ጎረቤቶቻቸው አንድ ፒካፕ ባዶው ቤት ፊት ለፊት ቆሞ ሲውል አዩ። ትከሻው ሰፊ የሆነ ሰው ወርዶ በሩን በትሕትና አንኳኳ፣ ጠበቀ፣ ደግሞ አንኳኳና ሄደ። ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ጋርላንድ ይህን ሊነግራት ራሱ መጣና ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ምድር ቤቱ ውስጥ ቆመ። ቬርና ወንበር ሳበችለት፤ እሱ ግን ጠመንጃውን የተረከበበትን ጠረጴዛ እያየ ቆሞ ቀረ።