ሳላወራ ያሳየሁት ጉርሻ

ወታደሮች «ጫካ ገብቷል» ብለው አጎትሽን ፈልገው ሲያጡት ነው እኔን የያዙኝ፣ ከአምበር ገበያ ስመለስ። «እሱ እስኪገኝ እርስዎ ይቆያሉ» አሉኝ። ያስገቡኝ የእህል መጋዘን የነበረ ክፍል ነው። ዘጠኝ ሴቶች ነን፤ ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል፣ ጥግ ላይ ባልዲ አለ።

የኔ ሐሳብ ግን ቤት ነበር። የአያትሽ በሽታ ያን ጊዜ ከእጁ መንቀጥቀጥ አልፎ ጉሮሮው ደርሷል። ደብረ ማርቆስ ሐኪሙ «የአንጎል በሽታ ነው፣ ቀስ እያለ ይብሳል። አሁን የሚያሰጋው ትንታ ነው። ቀና አድርገው ያስቀምጧቸው፣ አገጫቸውን ዝቅ፣ ትንሽ ትንሽ ያጉርሷቸው። ሳይውጡ አይድገሙ» ብሎኛል። ገበያ ስሄድ አብልቼው ስለወጣሁ ለጎረቤቴ አደራ ስል ይህን አልነገርኋትም።

በማግስቱ ምግብ ይዛልኝ መጣች። «እትዬ፣ አያስቡ» አለችኝ። «በትልቅ በትልቁ እያጎረስኋቸው ነው። ትንሽ ያስላቸዋል እንጂ ይበላሉ።»

በኛ አገር የወደዱትን ሰው በትንሹ ማጉረስ ነውር ነው። ከፍቅሯ ብዛት ልትገድለው ነው።

«ስሚ፣ እንዲያ አይደለም» ስል ጠባቂው ገባበት።

«ማውራት ክልክል ነው። ምግቡን ይቀበሉና ይግቡ።»

«ባሌ ሊታነቅ ነው፣ ልጄ።»

«እማማ፣ ኋላ እኔን ያስቀጡኛል።»

«እሽ፣ አላወራም። እዚሁ በልተን ዕቃዋን ልመልስላት።»

ደጃፉን በእጁ አሳየኝ።

አብራኝ የታሰረች አንዲት ልጅ ከኋላዬ ምግቧን ትጠብቃለች። እጇን ይዤ ደጃፉ ላይ አስቀመጥኋት። ጀርባዋን አቀናሁ፣ አገጯን ዝቅ አደረግሁ። የጣት ጫፍ የምታህል ጠቅልዬ አጎረስኋት። ጉሮሮዋን በእጄ ነክቼ እስክትውጥ ጠበቅሁ። ከዚያ ሌላ።

«በዚህ አያያዝማ ሳልጠግብ እፈታለሁ» አለች ልጅቱ። ጠባቂው ፈገግ አለ። ጎረቤቴ ግን አልሳቀችም፤ እጇን አፏ ላይ ጭና ታያለች።

ገብቷት ይሆን? እስክትመለስ ድረስ እህል አልወረደልኝም። በማግስቱ መጣች። ጠባቂውን አየችና አገጯን ወደ ደረቷ ዝቅ አድርጋ ቀስ ብላ ምራቋን ዋጠች።

«ሳላቸውስ?» አላት ጠባቂው ራሱ።

«ትቷቸዋል።»

ያን ቀን በላሁ።

አጎትሽ ሳይገኝ ከተፈታሁ ሁለት ክረምት አለፈ። አያትሽ አሁን ስሜንም ይረሳዋል፤ ምሳው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል። «አይታክትሽም?» ይሉኛል። ይታክታል እንጂ። ስለዚህ ሊጠይቅ የመጣውን ሁሉ እጁን አስታጥቤ አጠገቡ አስቀምጠዋለሁ። ሦስት ጉርሻ ያህል ሲያጎርሰው አይቼ፣ ካመንሁት ደጅ ወጥቼ ጀርባዬን ፀሐይ አሞቃለሁ።