ራሱ ይመልስ

አባቴን ሰፈሩ «ድገሙልኝ» ይለዋል። ልጅ ሳለሁ ሳሙና ግዢ ብሎ ሲልከኝ በር ላይ ያስቆመኛል። «ምን አልኩሽ?» ይላል። እናቴ ከጓዳ «ሰምታለች እኮ፤ ልጅቷን አታድርቃት» ካለችው ይብስበታል። «ራሷ ትበል።» እኔም ሲያንገሸግሸኝ «ሳሙና፣ ሳሙና፣ ሳሙና» እያልኩ እወጣ ነበር።

የፖሊስ ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበር። የሚፈለግ ሰው ስም፣ መልክና ታርጋ ለየጣቢያው ያነባል፤ እያንዳንዱ ጣቢያም የሰማውን መልሶ ይደግምለታል። የወንዝ ማዶ ኬላ ሬዲዮ ግን ድምፁ እየጠፋ ስለሚያስቸግር፣ አጠገቡ ያለው ጣቢያ «እኔ አደርስለታለሁ» እያለ ይቀበልለት ነበር። ሁሉም ለምዶታል። ክፋት የለበትም፣ መተጋገዝ ነው።

በሰው ግድያ የሚፈለግ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። እውነተኛው ገዳይ ሲያዝ ሹፌሩ ንጹህ ሆኖ ተገኘ፤ አባቴም የፍለጋው ትእዛዝ መሻሩን ለሁሉም አነበበ። ጎረቤት ጣቢያው እንደ ልማዱ ለኬላው ተቀበለ፤ ከዚያ ሥራ በዛበትና ረሳው። ሹፌሩ ነጻ መባሉን ሰምቶ ከተደበቀበት ወደ ቤቱ ሲመለስ ኬላው ላይ ደረሰ። ጠባቂዎቹ የሚያውቁት የድሮውን ነው፤ ገዳይ ነው፣ መሣሪያ ይዟል። መታወቂያ ሊያወጣ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ተኮሱበት። ሞተ።

አባቴን ማንም አልወቀሰውም። ሰውየውንም በዓይኑ አይቶት አያውቅም። መልኩን ግን ደጋግሞ ስላነበበው ከእኛ መልክ ይልቅ ያውቀዋል፤ ቀጭን ረጅም፣ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ፣ ግራ እግሩን ሳብ የሚያደርግ። ገበያ አብረን ስንሄድ ድንገት ይቆም ነበር። «ከኋላችን ነው» ይለኛል። ዞር ብዬ ሳይ ማንም የለም፤ ግን እግር ሲጎተት የሰማሁ ይመስለኛል። እፈራለሁ፤ ምን እደብቃለሁ።

እናቴ ካረፈች ወዲህ አልጋ ይዟል። ትናንት ከምሳ በኋላ ባዶ ኩባያ አፉ ላይ ደግኖ አገኘሁት።

«ወንዝ ማዶ፣ ወንዝ ማዶ። የሹፌሩ ትእዛዝ ተሽሯል። ድገሙልኝ።»

ጆሮውን ጥሎ ጠበቀ። ደግሞ ጠራ፣ ደግሞ ጠበቀ። ድምፄን አወፍሬ «ተሽሯል፤ ሹፌሩ ይለፍ፤ ተቀብለናል» አልኩት።

ኩባያውን ከአፉ ዝቅ አደረገ። ልቡ ያረፈለት መስሎኝ ኩባያውን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ።

«ልጄ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «አንቺ ለኬላው አትመልሺለት። ራሱ ይመልስ።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፤ አብረን ጠበቅን።