የባለመሬቱን ታሪክ የሚጽፈው ተከራዬ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ለንስሐ ሁለት ጊዜ ተንበርክኬ ሁለት ጊዜም ሌላ ኃጢአት ፈልጌ ተናዝዤ ተነሥቻለሁ። የምታነቡልኝ ማን እንደሆናችሁ አላውቅም፤ አለማወቄ ይሻለኛል። የተከራዬን ስም አልጽፍም። የኔንም አልጽፍም። ለንደን ብንሆንም የደርግ ጆሮ ባሕር ይሻገራል።

ትምህርቴ ጥቂት ነው፤ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም ተዳርኩ። ባሌ ባለመሬት ነበር፣ በጃንሆይ ጊዜ ፓርላማ የገባ። ደርግ ገደለው። ከትንሿ ልጄ ጋር ወጥቼ ለንደን ስገባ ካሌዶኒያን ሮድ የካውንስል፣ የማዘጋጃ ቤት መሆኑ ነው፣ ቤት ሰጡኝ። የበኩር ልጄ ግን አዲስ አበባ እህቴ ጓዳ ተደብቆ ቀረ። ይህን እዚህ ማንም አያውቅም። "ባለቤትሽ ምን ነበሩ?" ሲሉኝ "ልብስ ሰፊ" እላለሁ። ልብስ ሰፊ! አፈር ልብላና፣ ባሌን እኔም ሁለተኛ ገደልኩት።

አንድ ያገራችን ልጅ፣ ተማሪ፣ አንዷን ክፍል ተከራየኝ። ታሪክ ነው የሚያጠናው። ትሑት ነበር፤ ዘንቢሌን ሳልጠይቀው ተቀብሎኝ አራት ፎቅ ይወጣል። ትሕትናው ራሱ አላማረኝም። ሰው በነጻ ዘንቢል ይሸከማል? አንድ ቀን ሽንኩርት ስልጥ አጠገቤ ቆመና፣

"እትዬ፣ በእርስዎ አገር ጢሰኛው ለባለመሬቱ ሲሶ ነበር የሚሰጠው ወይስ እርቦ?" አለኝ።

ቢላዋው ጣቴን ሊቆርጠኝ ነበር።

"የልብስ ሰፊ ሚስት ምን አውቄ! አንተ ግን የማንን ታሪክ ነው የምትጽፈው?"

ሳቀ። "የአንድ ባለመሬት ነው። ጉደኛ ሰውዬ ነው፣ እትዬ፤ አንድ ቀን አጫውትዎታለሁ።"

ያ ሳቅ ሆዴ ገባ። በማግስቱ ወደ ትምህርቱ ሲሄድ ክፍሉ ገባሁ። አልጋ ላነጥፍ ነው? የለም፣ ልሰልል ነው። እሱን ሰላይ ያልኩት እኔ፣ የሰለልኩትም እኔ። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር፣ በአማርኛ። በዓይኔ ፊደል በፊደል ለቀምኩት፦ "ባላባት። ሰፊ መሬት፣ ብዙ ጢሰኛ። የፓርላማ አባል። የበኩር ልጁ የት እንደደረሰ ይጣራ።"

ይጣራ! ባላባቱ ባሌ ነው። ፓርላማ የገባው ባሌ ነው። የበኩር ልጁ ልጄ ነው። ገጹን መግለጥ ነበረብኝ። አልገለጥኩም። የጣቴ ምልክት ይቀራል ብዬ ፈራሁ።

በዚያ ሰሞን ተማሪው ከኤምባሲው ወደ አገር ተመለስ ተብሎ ነበር። ደርግ ወንድሙን አስሮታል፤ እሱም ከሄደ እንደማይተርፍ ነግሮናል። ክሮይደን የስደተኞች ቢሮ ሄዶ ጥገኝነት አፕላይ ሊያደርግ ሲል፣ ጠበቃው "የሚያውቁህ ሰዎች በፊርማቸው ይመስክሩልህ" አለው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቻችን ሊፈርሙለት ተቀመጡ። ጋሼ የምንላቸው ትልቁ ሽማግሌ ብዕራቸውን እንደያዙ ወደኔ ዞሩ።

"አንቺ ቤት ነው ያለው፤ እስቲ ምን ዓይነት ልጅ ነው?"

"ይጽፋል" አልኩ።

"ተማሪ አይደል እንዴ፣ ታዲያ ይፍተልልሽ?" አለች አንዷ፤ ሴቶቹ ሳቁ።

"የባለመሬት ስም ነው የሚጽፈው። ልጆቻቸው የት እንደገቡ ነው የሚያጣራው። በዓይኔ አይቻለሁ።"

ጋሼ ብዕሩን ከድነው ኪሳቸው ከተቱት። እኔ ነኝ የተናገርኩት። ማን አስገደደኝ? ማንም።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሰላምታ ነሳው። ሲገባ ወሬ ይቆማል። "እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?" ሲለኝ "እንጃ ልጄ" አልኩት። ልጄ አልኩት!

ሳምንት ሳይሞላ ትንሿ ልጄ እራት ላይ እየሳቀች መጣች። "እማዬ፣ ተከራያችን የሱን ባለመሬት ፎቶ አሳየኝ፤ ጺሙ እስከ ሆዱ!"

"የትኛውን ባለመሬት?"

"እንግሊዙን ነዋ፤ ሰር ምንትስ የሚባለውን። ፓርላማ የነበረ። ትልቁ ልጁ ተጣልቶት ባሕር ማዶ ጠፍቶ፣ የት እንደደረሰ ነው ተከራያችን የሚፈልገው።"

"ሰውየው አለ?"

"ኧረ እማዬ! የንግሥት ቪክቶሪያ ጊዜ ሰው እኮ ነው። ከሞተ መቶ ዓመት ሊሆነው ነው።"

ጉርሻዬን ወደ መሶቡ መለስኩት። የሞተ እንግሊዝ! ተማሪው እስኪሄድ ግን ሁለት እሑድ ነበረኝ። ተነሥቼ "ተሳስቻለሁ" ማለት ምን ያቅታል? "ለምን ፈራሽ? ባለመሬት ምንሽ ነው?" ይሉኛል ብዬ አሰብኩ። ባሌ ይታወቃል፤ ቀጥሎ ልጄ ይታወቃል። ደግሞም እንግሊዙ ሽፋን ቢሆንስ? ሰላይ የሞተ ሰው ፎቶ መያዝ ያቅተዋል? እንዲህ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ሁለቱንም እሑድ ነጠላዬን ፊቴ ድረስ ስቤ አስቀደስኩ፤ አፌን ሳልከፍት ወጣሁ።

ያለ ምስክር ተስፋ የለህም ብሎ ጠበቃው ተወው። የመኖሪያ ፈቃዱ አለቀ። የሄደ ዕለት ሻንጣውን በሩ ላይ አስቀምጦ ትከሻዬን ሳመኝ። "እትዬ፣ ቤትዎ እንደ ቤቴ ኖሬያለሁ" አለኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "ቁልፉን መልሰሃል?" አልኩት።

ደርጎች ከቦሌ እንደወሰዱት ሰማን። ከዚያ ወዲያ ወሬውን የሰማ የለም። ጋሼ አንድ እሑድ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ "የነሱ ሰው ከነበረ ለምን ወሰዱት?" አሉኝ። "እርስ በርሳቸውም ይበላላሉ" አልኩ። አሁንም እኔ ነኝ ያልኩት።

ልጄ በሱዳን በኩል ወጥቷል፣ ደኅና ነው። እናት ናት፣ ለልጇ ብላ ነው አትበሉኝ፤ ልጄ የወጣው በእግሩ ነው እንጂ በኔ ውሸት አይደለም። ጊዜው ክፉ ነበርም አትበሉኝ፤ ጊዜው አፍ የለውም። የተማሪው እናት በሕይወት ካለች ዛሬም በር በሩን ታያለች። ይቅር በይኝ አልላትም፤ በምን አፌ? ልጇን አሳልፌ የሰጠሁት በመጀመሪያው እሑድ ሳላውቅ ነው፤ በሁለቱ እሑዶች ግን አውቄ ነው።